ሷሊሕ ለሠርግ ያሳተመው ሰማይ

ሰፈሩ ሁሉ ወንድሜን ሷሊሕን «ነካ ያደርገዋል» ሲለው፣ እኔ «የለም፣ ሰነፍ ነው እንጂ ጤነኛ ነው» እያልሁ እሟገትለት ነበር። ምን ላድርግ፣ እህቱ ነኝ። ለይላ እባላለሁ። በዕድሜ በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ፣ በሥራ ደግሞ በሃያ።

አባታችን ሐጂ አብዱልባሲጥ ጎንደር አራዳ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው። አቡጀዲ፣ ሳቲን፣ ገበር፣ የመጋረጃ ጨርቅ፣ የፈለጋችሁት አለ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ሷሊሕ ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቱ ሲሆን ሥራው ከመጋረጃው ወዲህ ጨርቅ መለካት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ሰማይ መሥራት ነበር። ሰማይ ስላችሁ ሰማይ ነው። ማራኪ አካባቢ ኮምፒውተር የሚያስተምር ቤት ሦስት ወር ተመላልሶ ፎቶሾፕ ከተማረ ወዲህ ሰውየው አበቃለት። አብረውት የተማሩት የልደት ካርድና የሠርግ ጥሪ እየሠሩ ሲበሉበት፣ የኔ ወንድም ቀለበት ያላቸው ዓለሞች፣ የነደዱ ጨረቃዎች፣ ሐምራዊ ጭስ የመሰሉ የከዋክብት ጉሞች ይሠራል። ከዋክብቱን አንድ በአንድ በማውስ እየነካ ነው የሚያስቀምጣቸው። «ባንዴ የሚረጭ ነገር የለውም ወይ?» ስለው «አለው፤ ግን እሱ ውሸት ነው» አለኝ። ሁሉም ውሸት አይደል እንዴ ብዬ ተውሁት።

አባዬ መጀመሪያ ተስፋ የጣለው በሃይማኖት ነበር። ሥዕል ክልክል ነው ተብሎ እንዲቆምለት ብሎ ሼኹ ዘንድ ሄደ። ሼኹ «ነፍስ ያለው ነገር ነው የሚሥለው?» ብለው ጠየቁት። አባዬ ውሸት አይችልም፤ «የለም፣ ድንጋይና እሳት ነው» አለ። «እንግዲያ ምን አለበት፣ የአላህን ሥራ ነው የሚያደንቀው» ብለው ሸኙት። እንደዚያ ቀን ተከፍቶ ቤት የገባበትን ጊዜ አላስታውስም።

ነገሩ የከረረው በኅዳር ነው። አንዲት ሴትዮ ስድስት ሜትር የመጋረጃ ጨርቅ ጠየቀች። ሷሊሕ ልቡ የሆነች ጨረቃ ላይ ነበርና ሦስት ሜትር ቆርጦ፣ አጣጥፎ፣ በፌስታል አድርጎ ሰጣት። ሴትዮዋ በማግሥቱ መጥታ «ግማሽ ቤቴ ነው እንዴ የሚሸፈነው?» ብላ በሰው ፊት ጮኸችብን። ከሄደች በኋላ አባዬ ሜትሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና እንዲህ አለው፦

«ጥር እስኪያልቅ ጊዜ አለህ። ዘመዳችን ያልሆነ፣ አንተም ያልለመንኸው ሰው፣ አንዷን ሥዕልህን ወዶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከሰቀለ፣ ኮምፒውተሩ ያንተ ነው፣ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ያለዚያ ኮምፒውተሩ ይሸጣል፣ አንተም መተማ አጎትህ ዘንድ ወርደህ ሰሊጥ ትመዝናለህ።»

ሷሊሕ ሙቀት አይችልም። ጎንደር እንኳ መጋቢት ሲገባ ፎጣ አርሶ ራሱ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። ግን መተማን አላነሣም፤ የመለሰው «እሺ» ብቻ ነው። ገብቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና እጁን ኪቦርዱ ላይ ጭኖ ቀረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ከፋኝ። ከጧት እስከ ማታ የምሰድበው ሰው ከሄደ ሱቅ ውስጥ ከማን ጋር ልውል ነው?

እሱ ግን ለራሱ የማይረዳ ሰው ነው። «ካሳየሁ ለመንሁ ማለት ነው» ብሎ ሥዕሎቹን ጭራሽ ደበቃቸው። አያችሁ ይኼን ጅል? አትለምን ተባለ እንጂ ቅበር ተባለ? አንድ ቀን ለሶላት ሲወጣ መጋረጃውን ነቅዬ አጠብሁትና ኮምፒውተሩን ወደ ደንበኛ አዞርሁት። መጋረጃው ለአንድ ወር አልደረቀም። እኔ ነኝ እንዳይደርቅ ያደረግሁት።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል አያ አድማሴ መጡ። አያ አድማሴ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ የሚኖሩ፣ ገብስና ነጭ ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው፤ የአባዬ የሃያ ዓመት ደንበኛ። ልጃቸውን የትነበርሽን ጥር ላይ ሊድሩ ነውና ለሠርጉ ዳስ የሚሆን ጨርቅ ሊገዙ ነው የመጡት። ጨርቁን እየዳሰሱ ዓይናቸው ኮምፒውተሩ ላይ ወደቀ። በዚያ ሰዓት ሷሊሕ አንዲት ቀይና ወርቅማ ዓለም አቅርቦ፣ ስክሪኑን ሞልታው፣ የቀለበቷን ጠርዝ እያለሰለሰ ነበር።

«ይቺ ሸጋ ምንድን ናት ልጄ?» አሉት።

«ዓለም ናት አያ አድማሴ። ሰማይ ላይ ያለች።»

«ወገቧ ላይ ያደረገችውስ?»

«ቀለበቷ ነው።»

አያ አድማሴ ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ አዩዋት። «አምና ጎረቤቴ ልጁን ሲድር ከሙሽሮቹ ኋላ የፈረንጅ አገር ፏፏቴ ሰቀለ። ዳክዬ አለበት። ይኸው ዓመት ሙሉ የወገራ ሰው ስለዚያ ዳክዬ ሲያወራ ከረመ። እኔ ደግሞ ባለቀለበቷን እሰቅላለሁ። ለሠርግ ከቀለበት ወዲያ ምን አለ? ትልቅ አድርገህ አሳትምልኝ፣ የማሳተሚያውን እኔ እችላለሁ። ሠርጉ ሲያልፍ ቤቴ ግድግዳ ላይ ትኖራለች።»

አባዬ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ሰምቷል። ጨርቁን እያጠፈ «ሳይ አምናለሁ» አለ።

አሁን ወደ ጣጣው መጣን። ሰው ሥዕል ሥዕል ነው ይላል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ኮምፒውተር ውስጥ ግን ሥዕል የሚቀመጥበት ዓይነቱ ብዙ ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ ዓመል አለው። ባነር አታሚው ወልደኢየሱስ «ሦስት ሜትር በሁለት ነው የሚታተመው፤ ፋይሉን በደንብ አስቀምጣችሁ በፍላሽ አምጡልኝ» አለን። «በደንብ» የምትለዋን ቃል ሷሊሕ ይዟት ቤት ገባና ሁለት ሳምንት አልወጣም።

መጀመሪያ ጄፔግ አደረገው። ጄፔግ ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ «ይኼ ባይኖር ማን ያየዋል» እያለ ከሥዕሉ ይቀናንስና ያቀለዋል። አንዴ ብቻ ቢያስቀምጡት ምንም አይል። የኛ ሰው ግን መብራት ሄዶ ሥራዬ ይጠፋብኛል ብሎ ስለሚፈራ፣ አንድ ኮከብ በጨመረ ቁጥር ያንኑ ጄፔግ ከፍቶ መልሶ ያስቀምጣል፤ ኮምፒውተሩም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይቆነጥርለታል። በሳምንቱ ከዋክብቱ የከረመ ዳቦ ላይ የበቀለ ሻጋታ መሰሉ። ደግነቱ ዋናውን የፎቶሾፕ ፋይል፣ ሥዕሉ ድርብ በድርብ ሆኖ የሚቀመጥበትን፣ አልነካውም ነበር። ከዚያው እንደ አዲስ ጀመረ።

ቀጥሎ ጂፍ ሞከረ። ጂፍ ከሁለት መቶ ኀምሳ ስድስት ቀለም በላይ አይዝም። ለአርማና ለጽሑፍ ጥሩ ነው ይላሉ። ቀስ እያለ ከሐምራዊ ወደ ጨለማ የሚሄደው ጭስ ግን ቀለም ሲያንሰው መንገድ ላይ ተቆራርጦ ባለመስመር አንሶላ ሆኖ ቁጭ አለ። እኔ ወደድሁት። «ይኼ ይሸጣል፤ የአንሶላ ፋብሪካ እናሳየው» አልሁት። ጂፉን እዚያው አጠፋው።

ወልደኢየሱስ ደግሞ ተደውሎለት «ለኅትመት ቲፍ ይሻላል፣ ቲፍ ቅንጣት አያጎድልም» አለ። እውነትም አላጎደለም። ግን ከመክበዱ የተነሣ ፍላሹ አልበቃው አለ። ቤት ያለን ፍላሽ አንድ፣ እሱም ባለ አንድ ጊጋ፣ አብዛኛው ውስጡም በአክስታችን ልጅ በኢምራን የሠርግ ቪዲዮ ተይዟል። ወደ ኮምፒውተሩ እንዳንገለብጠው ኮምፒውተሩ በሰማይ ጢም ብሏል። ሷሊሕ «ቪዲዮውን እናጥፋው» አለኝ። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ እኔ በአረንጓዴ ቀሚስ ለአሥራ አንድ ሴኮንድ እታያለሁ። ወላሂ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አምሮብኝ አያውቅም። «ሰማይህን አሳንስ እንጂ የኔን መልክ አታጠፋም» አልሁት።

የቀረው ፒኤንጂ ነው። ፒኤንጂ እንደ ጄፔግ አይቆነጥርም፤ ያለውን ሁሉ ሳያጎድል አጣጥፎ ይይዛል። አንድ ሌላ ዓመልም አለው፤ ሠዓሊው ባዶ የተወውን ቦታ ቀለም ሳይሞላ ባዶውን፣ እንደ መስተዋት የሚያሳልፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ይቺን ዓመሉን ልብ በሉልኝ፣ ጉድ የሠራችን እሷ ናት።

ፒኤንጂውም ቢሆን ለጥቂት አልገባ አለ። ይኼኔ እኔ ብልኋ አፌን ከፈትሁ። በኛ ሥራ ጣቃ ጨርቅ ከፋብሪካ የሚመጣው ካርቶን ላይ ተጠቅልሎ ነው። ወደ ገጠር ገበያ ሲጫን ግን ካርቶኑን መዝዘን እንጥለዋለን። ማንም አይለብሰው፣ ምን ሊሠራ ይጫናል? አባቴም አያቴም ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

«ሥዕሉ ሥር ያነጠፍኸው ጥቁር ምን ይሠራልሃል?» አልሁት።

«ጨለማው እኮ ነው።»

«ጨለማ ምን አለበት? ምንም የለበትም። ምንም የሌለበትን ነገር ለምን ትጭናለህ? ካርቶኑን ምዘዘው።»

ሷሊሕ አሰበበት። ጨርቅ ላይ ተወልዶ ጨርቅ ላይ ያደገ ልጅ ነውና ነገሩ ልቡ ገባ። ጥቁሩን ድርብ አጠፋና አስቀመጠ፤ ፋይሉም በአላህ ፈቃድ እንደምንም ገባ። ደግመን ከፍተን አየነው። ጨለማው አለ፣ ከዋክብቱ አሉ፣ ባለቀለበቷም ጉብ ብላለች። «አየህ? ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ካርቶን አቅቶህ ነው» አልሁት። ኋላ ነው የገባኝ፤ ሥዕል የምናይበት ፕሮግራም ራሱ ከኋላው ጥቁር ነው። በባዶው ቦታ አሻግረን የምናየው የፕሮግራሙን ጥቁር ነበር።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ወልደኢየሱስ አትሞ፣ ጠቅልሎ፣ በፕላስተር አሽጎ ሰጠን። የሠርግ ወር ስለሆነ ሰው ተሰልፎበታል፣ ቀና ብሎም አላየን። «ቀለሙ እንዳይላቀቅ እስኪሰቀል ድረስ አትክፈቱት» አለ።

«እንዴት ሆነ?» አለው ሷሊሕ።

«ንጹሕ ነው። እንደዚህ ያለ ንጹሕ ሥራ አትሜ አላውቅም።»

ሷሊሕ በደስታ እጁን ጨበጠው። ፍላሹን ቤት ወስደን ስንሰካው ከአታሚው ኮምፒውተር ቫይረስ ይዞ መጥቷል፤ የኢምራን ሠርግ በሙሉ ቢነኩት ወደማይከፈት ሾርትከትነት ተለውጧል። አረንጓዴ ቀሚሴ ሄደ። ያን ቀን አለቀስሁ፣ ማንም ግን ምክንያቱን አልጠየቀኝም።

ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስንሄድ ጥቅሉ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ይታሰር ቢባል ሷሊሕ እንቢ አለ። ሦስት ሜትሩ ጥቅል መኪናው ውስጥ ገብቶ የስድስት ተሳፋሪ ጉልበት ላይ ተጋደመ። አንዱ ሰውዬ «ምንድን ነው የተሸከምሁት?» ብሎ ቢጠይቅ ሷሊሕ «ሰማይ» አለው። ሰውዬው እስክንወርድ ድረስ ወደ መስኮቱ እንደዞረ ቀረ።

አያ አድማሴ በክብር ተቀበሉን። ለእስላም እንግዶች ተብሎ ለብቻ ታርዷል፣ ለብቻ ተሠርቷል፣ መቀመጫችንም ተለይቷል። ዳሱ ውስጥ ሰዉ ሞልቶ የባለቀለበቷን መሰቀል ይጠብቃል፤ የዳክዬው ባለቤት ሳይቀር ከፊት ተቀምጧል። አራት ጎረምሶች ጥቅሉን ከፍ አድርገው አሰሩና ፕላስተሩን ቀድደው ለቀቁት።

ነጭ። ሦስት ሜትር በሁለት የሚያህል፣ የታጠበ አቡጀዲ የመሰለ ነጭ። መካከሉ ላይ ያቺ ቀይና ወርቅማ ዓለም ከነቀለበቷ ተንሳፍፋለች፤ ጭሱ ስስ ወይን ጠጅ ሆኖ ዙሪያዋን ይታያል። አንድ ኮከብ ግን የለም። ባዶው ቦታ ላይ ማተሚያው ምንም ቀለም አላፈሰሰበትም፤ የሚታየው ራሱ ባነሩ ነው።

ካርቶኑ፣ አልሁ በልቤ። እኔ ነኝ ያስመዘዝሁት። ሷሊሕን ዞር ብዬ አላየሁትም፣ አልቻልሁም።

ዳሱ ግን በእልልታ ተናጋ። «እንዴት ሸጋ ነች» ይላል አንዱ። «ዳክዬው አበቃለት» ይላል ሌላው። የሙሽራዋ እናት እትዬ እንኳየሁ ነጠላቸውን እያጣፉ እንባቸውን ጠረጉ። አያ አድማሴ ደረታቸውን ነፍተው በዳሱ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላሉ። እኔም ነፍሴ መለስ አለችና የሷሊሕን ጆሮ ያዝሁ። «ዝም በል። ወደውታል፣ ሰቅለውታል፣ ነገ ቤታቸው ይገባል። ኮምፒውተርህን አገኘህ። ትንፍሽ እንዳትል።»

«የሰቀሉት የኔን አይደለም» አለኝ።

«ያንተ ባይሆንስ ምን ገደደህ?»

ተነሣ። ክንዱን ብቆነጥጠው ቆዳው እጄ ላይ ሊቀር ምንም አልቀረው፤ እሱ ግን ተነሣ። «አያ አድማሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራው ተበላሽቷል። እንዲህ አልነበረም። ሰማዩ በሙሉ ጥቁር መሆን ነበረበት» አለ።

እልልታው ጸጥ አለ። እትዬ እንኳየሁ ቀስ ብለው ወደሱ መጡ።

«ጥቁር አልህ ልጄ?»

«አዎ፣ ድፍን ጥቁር።»

«በልጄ ራስ ላይ? በሠርጓ ቀን? ምነው፣ ምን በደልንህ?»

ያኔ ነው ያስታወስሁት። እኛ እኮ ጨርቅ ነጋዴዎች ነን። ጥቁር ጨርቅ ማን እንደሚገዛን፣ ዓይኑ ምን መስሎ መጥቶ እንደሚገዛን ከማንም በላይ እናውቃለን። ለሠርግ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ክፉ ምልክት እንዳይሆንበት ጥቁሩን ጣቃ ከፊቱ እናነሣለን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንለፋ ግን ሁለታችንም ላንድ አፍታ አላሰብነውም። ለሱ ጥቁሩ ሰማይ ነው፣ ለኔ ደግሞ ካርቶን።

የሙሽራዋ አጎት መሪጌታ ሐብተ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቆይ እስቲ» አሉ። «ጥቁሩ አሁን የት ነው ያለው?»

«የለም፣ አውጥተነዋል» አለ ሷሊሕ።

«ወጥቶስ የት ሄደ?»

«ጎንደር ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ።»

«በማታ ተመልሶ አይመጣም?»

«አይመጣም መሪጌታ። ፒኤንጂ ነው፤ ባዶውን ባዶ አድርጎ ነው የሚይዘው።»

«ዝናብ ቢመታውስ? ከሥር ብቅ አይልም?»

«ከሥሩ ምንም የለም።»

መሪጌታ በዚህ አልረኩም። ተነሥተው ባነሩን ከኋላ ዞረው አዩት፣ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት፣ ጣታቸውን አሽትተው ተመለሱ። «እውነቱን ነው፣ የለም» ብለው ሲቀመጡ ዳሱ በሙሉ ተነፈሰ።

«ለመሆኑ ማን ነው አስቦ ያስወጣው?» አሉ እትዬ እንኳየሁ።

ሷሊሕ ወደኔ አመለከተ። ምን ልበል? እጄን አነሣሁ። እትዬ እንኳየሁ ሁለት ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ፣ «አንቺ ባትኖሪ ልጄ በጥቁር ሥር ትዳር ነበር» ብለው መረቁኝ፣ የዳክዬው ባለቤት ሳይቀር ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ሷሊሕ ቆሞ ቀረ። «ከዋክብቱስ?» ይላል ለብቻው። «ስንት ቀን የለፋሁባቸው ከዋክብት።»

«ደግሞ ኮከብ ነበረበት?» አሉት አያ አድማሴ።

«አሁንም አለ። ነጭ ነው ከዋክብቱ፤ ሰማዩም ነጭ ሆነና ዋጣቸው።»

አያ አድማሴ ባነሩን ብዙ ካዩ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እንግዶቻቸው ሄዱ። ዘፈኑ ተጀመረ።

ቤት በገባን በማግሥቱ ሷሊሕ አባዬ ፊት ቆመ። «ወደውታል፣ ሰቅለውታል። ግን የወደዱት ስሕተቱን ነው፤ የሠራሁት አይታይም። ኮምፒውተሩን ሽጠው» አለው። ነቅሎ፣ ገመዱን ጠቅልሎ፣ በአቡጀዲ ጨርቅ አስሮ ባንኮኒው ሥር አስቀመጠው። እንዲህ ያለ ሰው ሰሊጥ ቢመዝን ራሱም ሚዛኑም ይከስራሉ። እኔ ተናደድሁ፣ ጮኽሁ፣ አለቀስሁ፤ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ካርቶኑን ምዘዝ ያልሁት እኔ ነኝ» አልሁ። አባዬ ሁለታችንንም ሰማን። «እኔ ያልሁት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ነው። ቅዳሜ ሄጄ አያለሁ» አለ።

ቅዳሜ ጥር ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ሷሊሕ ሱቅ ቀረ፤ እኔና አባዬ ሄድን።

ባነሩ በእርግጥ ግድግዳው ላይ አለ። ግድግዳው ግን ሁለት ሜትር ከግማሽ ነው፣ ስለዚህ የተረፈው ግማሽ ሜትር ማዕዘኑ ላይ ታጥፎ በሚቀጥለው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ እስከ ወገቡ ድረስ ጆንያ ተደግፎበታል። በላዩ የሙሽሮቹ ፎቶ ተሰክቷል። አባዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ አየው።

«ልጄ ሰማይ ነው ያለኝ። የታለ ሰማዩ?»

«ይኸው» አሉ አያ አድማሴ።

«ይኼ ነጭ ነው።»

«ቀን ነዋ ሐጂ።»

«ኮከብም የለው።»

«ቀን ኮከብ መቼ ይታያል? ግን የት ይሄዳል ብለህ ነው፣ እዚያው ነው ያለው። ልጅህ አንድ በአንድ እንዳስቀመጣቸው ነግሮኛል። ለመጣው ሰው ሁሉ እኔ ነኝ የማስረዳው።» አያ አድማሴ ይኼን ሲሉ ስለ ገብሳቸው እንደሚያወሩ ናቸው፤ ትንሽም አላመነቱም።

አባዬ ነጭ ጨርቅ ሲገዛ የሚያደርገው ነገር አለ። ጉድፍ እንዳለው ለማወቅ መነጽሩን ያወልቅና አፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ ተጠግቶ ክር በክር ያየዋል። ያን ቀንም እንደዚያው መነጽሩን አውልቆ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ትንሽ ቆይቶ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። «እቺ ምንድን ናት? ጉድፍ ናት?»

ተጠግቼ አየሁ። ፀጉር የምታህል፣ ስስ ሰማያዊ ክብ ነገር ናት። ሷሊሕ እያንዳንዱን ኮከብ ሲያስቀምጥ ዙሪያውን እንዲህ ያለ ጭላንጭል ያደርግለት ነበር። ነጩ ቢዋጥ ጭላንጭሉ ቀርቷል።

«ኮከብ ናት አባዬ።»

አባዬ ወደ ጎን አንድ ስንዝር ሄደ። ደግሞ ጣቱን አሳረፈ። ደግሞ ሄደ። እትዬ እንኳየሁ ለስላሳ ከፍተው ቢያቀርቡለት አላየውም፤ ለስላሳው ሞቀ። አያ አድማሴ ወንበር ቢያስጠጉለት ወንበሩ ላይ ወጥቶበት ከላይ ያለውን ያይ ጀመር። ሐጂ አብዱልባሲጥ፣ በስድሳ አራት ዓመቱ፣ በሰው ቤት ወንበር ላይ ቆሞ። የመጨረሻው መኪና ሊያመልጠን ሲል በኮቱ ጎትቼ አወረድሁት።

ጎንደር ስንደርስ ሷሊሕ ሱቁን ሳይዘጋ ይጠብቀናል። አባዬ ገባና ባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ በአቡጀዲ የታሰረውን ኮምፒውተር አወጣ። ሷሊሕ ፊቱ ዐመድ ሆነ።

«አርባ አንድ አገኘሁ» አለው አባዬ።

«ምን አርባ አንድ?»

«ኮከብ ነዋ። ለይላ ጎትታ አስወጣችኝ እንጂ ገና ነበርሁ።»

ሷሊሕ ወደ ባንኮኒው ተጠጋ። «ከቀለበቷ በታች፣ በስተግራ ያሉትንስ አየሃቸው? በጣም የደከምሁት እነሱ ላይ ነው» አለው።

«እዚያ ጋ የገብስ ጆንያ አለበት» አለ አባዬ፣ የአቡጀዲውን ቋጠሮ በጥርሱ እየፈታ። «ለአድማሴ ነግሬዋለሁ፣ ለቅዳሜ ያነሣልኛል።»